የሕዝብ ድምፅና የአደን ወራት፤ የዊስኮንሲን የአጋዘን ሕግ ታሪክ

በተባበሩት የአሜሪቃ መንግሥታት በሰሜን በኩል በምትገኘው በዊስኮንሲን ግዛት፣ በየዓመቱ በኤፕሪል ወር በሁለተኛው ሰኞ ማታ፣ የ72ቱ ወረዳዎች ሕዝብ በአንድ ሰዓት በየአዳራሹ ሲሰበሰብ ኖሯል። የሚሰበሰበውም እንደራሴ ለመምረጥ ወይም ስለ ግብር ለመነጋገር አይደለም። በሚመጣው ኅዳር አጋዘን የሚታደንበት ወራት ስንት ቀን እንዲሆን፣ ወንዱ ብቻ ይታደን ወይስ ሴቷም ትጨመር፣ ዓሣስ በምን መጠን ይጠመድ በሚሉት ጥያቄዎች ላይ አሳቡን ለመስጠት ነው። ጥያቄዎቹ አስቀድመው በወረቀት ታትመው ይታደሉ ነበር፤ የመጣ ሰው ሁሉ፣ አዳኝ ቢሆንም ባይሆንም፣ በእያንዳንዱ ላይ ድምፁን ይሰጥ ነበር። ይህ ድምፅ የመንግሥቱን ባለሥልጣኖች አያስገድድም፤ ምክር ብቻ ነው። ነገር ግን ይህ ምክር ባለፉት ዘጠና ዓመታት ውስጥ አንዳንድ ጊዜ ከሕግ የበረታ ኀይል አግኝቷል። እንዴት እንዳገኘ ማሳየት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በዚያ ግዛት ትምህርቱን በሚከታተልበት ዘመን፣ በአንዲት የገጠር ከተማ እንዲህ ባለው ሸንጎ ላይ ተገኝቶ ነበር። ስብሰባው የተደረገው በትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ሲሆን፣ ከመጡት ሰዎች አብዛኞቹ ዕድሜያቸው የገፋ ወንዶች ነበሩ፤ ገበሬውም፣ የወረቀት ፋብሪካ ሠራተኛውም፣ የመጠጥ ቤት ባለቤቱም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የመንግሥቱ የዱር አራዊት ዐዋቂ ተነሥቶ፣ በወረዳው ያለው የአጋዘን ብዛት ከጫካው አቅም በላይ መሆኑንና ሴቶቹ በብዛት መታደን እንዳለባቸው በአኃዝ እያስደገፈ አስረዳ። እሱ ሲቀመጥ ከኋላው ወንበር አንድ ሽማግሌ ተነሡ። አባታቸው በዕድሜያቸው ሙሉ አንዲት ሴት አጋዘን እንዳልገደሉ፣ እርሳቸውም እንዳልገደሉ፣ ልጆቻቸውንም እንደዚሁ አድርገው እንዳሳደጉ ተናግረው ተቀመጡ። አኃዝ አልጠቀሱም። አዳራሹ ግን አጨበጨበላቸው፤ ድምፅ በተቈጠረም ጊዜ የሽማግሌው ወገን አሸነፈ።

የባላገርን ልማድ መሰብሰብ ለለመደ ሰው እንዲህ ያለው ቃል ጆሮ የሚስብ ነው። መጀመሪያ የመጣልኝም አሳብ፣ ይህ ከጥንት አያቶች የወረደ የአዳኞች ደንብ መሆን አለበት የሚል ነበር። በኋላ የግዛቱን የሕግ ታሪክ ስመረምር ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። በሽማግሌው አያት ዘመን የነበሩት አዳኞች ወንድ ከሴት ሳይለዩ የተገኘውን ሁሉ ይገድሉ ነበር። ሴቷን መማር ልማድ የሆነው በ1915 መንግሥት በሕግ ካዘዘ በኋላ ነው። እንግዲህ በዚያ ማታ የመንግሥቱን ዐዋቂ ድል የነሣው፣ ራሱ መንግሥት ከመቶ ዓመት በፊት ያስተማረው ትምህርት ነበር። የሕዝብ ድምፅ የምንለው ብዙ ጊዜ የቀድሞ ሕግ ልማድ ሆኖ የሚናገርበት ድምፅ እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ስለ ቃላት ጥቂት ማስታወስ ያስፈልጋል። በአገራችን አጋዘን የምንለው ጠምዛዛ ቀንድ ያለውን፣ ቀንዱንም የማይጥለውን እንስሳ ነው። የዊስኮንሲኑ ነጭ ጅራት አጋዘን ሌላ ወገን ነው፤ ቀንድ የሚያበቅለው ወንዱ ብቻ ሲሆን እሱንም በየዓመቱ በበረዶው ወራት ጥሎ እንደገና ያበቅላል። አዳኝ በኅዳር ወንዱን ከሴቷ ከሩቅ ለይቶ ለማየት የሚችለው በዚህ ነው፤ ሕጉም የቆመው በዚሁ ምልክት ላይ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለአገራችን አንባቢ ይህ ሁሉ ሸንጎ እንግዳ ሳይመስለው አይቀርም። በእኛ ዘንድ አዳኝ ክብሩን ያገኝ የነበረው ከግዳዩ ነው፤ የአደን ሕግም ሲወጣ ከላይ ወደ ታች በአዋጅ የሚወርድ ነበር። በ1944 (በ1936 ዓ.ም.) የዱር አራዊትን ስለ መጠበቅ የወጣው አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ለሕዝብ ተገለጠ፤ ሕዝብ ግን ስለ ወራቱ በየወረዳው አልተጠየቀም። ይህን የምጠቅሰው ለማነጻጸር ያህል ብቻ ነው፤ የዊስኮንሲንም ሕግ አጀማመሩ ከዚህ እጅግ የተለየ አልነበረምና።

ዊስኮንሲን በ1848 ወደ ኅብረቱ ከገባች ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1851፣ የመጀመሪያው የአደን ወራት ሕግ ወጣ። ሕጉ ከፌብሩዋሪ 1 እስከ ጁላይ 1 አጋዘን እንዳይገደል የሚከለክል ነበር። የሚያስከብረው ዘበኛ ስላልነበረ ግን ብዙ ዘመን በወረቀት ላይ ብቻ ኖረ ለማለት ይቻላል፤ ሁለት የአደን ዘበኞች የተሾሙት በ1887 ነው። በዚህ መካከል የሰሜኑ የነጭ ጥድ ደን እየተቈረጠ በወንዝና በባቡር ወደ ከተሞች ይወርድ ነበር። የአጋዘኑም ሥጋ ለገበያና ለእንጨት ቆራጮች ሰፈር ቀለብ እየታደነ ይሸጥ ነበር። ከተቈረጠው ዛፍ የቀረው ቅርንጫፍ ሲደርቅ እሳት ይነሣበታል፤ በ1871 ፔሽቲጎ የምትባለውን ከተማ ያጠፋው ቃጠሎ ከ1,000 የሚበልጥ ሰው ፈጅቷል። አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ሊያልቅ ሲል በደቡቡ ወረዳዎች አጋዘን ማየት ብርቅ ሆነ። በ1897 ለአንድ አዳኝ በአንድ ወራት ከሁለት በላይ እንዳይገድል ተወሰነ።

የ1915ቱ ሕግ የመጣው ከዚህ ፍርሃት ነው። ወንዱ ብቻ ይታደን፤ ሴቷ ትውለድ፤ ጫካውም ይሞላል ተባለ። ሕጉ በ1919 ለአንድ ወራት ቢላላም ተመልሶ ጸና። ከ1925 እስከ 1935 ድረስ ደግሞ በየሁለት ዓመቱ አንድ ጊዜ አደኑ ጨርሶ ይዘጋ ነበር። በ1905 የተወለደን አንድ ልጅ እናስብ። ጠመንጃ ለመያዝ በሚደርስበት ዓመት ሕጉ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሠላሳ ዓመት ዕድሜው ድረስ ከዘበኛውም፣ ከአዳኞች ማኅበርም፣ ከአባቱም የሚሰማው ሴቷን የሚገድል ሰው ሌባ መሆኑን ነው። በወጣትነቱ አጋዘን አጥቶ፣ በጎልማሳነቱ አጋዘን ሲበዛ አየ። ይህ ሰው ሕጉ ጥሩ ፍሬ እንዳፈራ በዓይኑ ስላየ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም።

እስከ 1933 ድረስ ወራቱን የሚወስነው የግዛቱ ምክር ቤት ራሱ ነበር። እያንዳንዱ እንደራሴ ለመረጠው ወረዳ የሚጠቅመውን ቀን ስለሚጠይቅ፣ የአደን ሕግ ከጥናት ይልቅ ከድርድር የሚወለድ ነገር ነበር። በ1927 ስድስት ዜጎች ያሉበት የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ኮሚሲዮን ተቋቋመ፤ በ1933 ወራቱን የመወሰን ሥልጣን ለዚህ ኮሚሲዮን ተላለፈ። ነገር ግን ኮሚሲዮኑ በሕዝብ አልተመረጠም፤ ስለዚህ ከሕዝቡ ጋራ የሚያገናኘው ድልድይ አስፈለገው። በ1934 የጥበቃ ጉባኤ የተባለው ማኅበር የተመሠረተው ለዚህ ነው። ዛሬ እያንዳንዱ ወረዳ አምስት መልእክተኞች ይመርጣል፤ ጠቅላላ ቁጥራቸው 360 ይሆናል። መልእክተኞቹ የየሸንጎውን ድምፅ ይዘው ለኮሚሲዮኑ፣ በ1967 የመሥሪያ ቤቶቹ አደረጃጀት ከተለወጠ በኋላ ደግሞ ለተፈጥሮ ሀብት ቦርድ ምክር ያቀርባሉ። ጉባኤው እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በልማድ እንጂ በሕግ የቆመ አልነበረም፤ ይህም ለታሪክ ጸሐፊ ትኵረት የሚገባው ነገር ነው፤ ሠላሳ ዓመት የሚበልጥ ጊዜ ማንም በሕግ ሳያስገድድ ባለሥልጣኖቹ ይሰሙት ነበርና።

ጉባኤው በተመሠረተ በአሥር ዓመቱ የደረሰበት ፈተና እስከ ዛሬ ስሙ ይነሣል። ከፈተናው ጋራ ስሙ የተያያዘው ሰው አልዶ ሊዮፖልድ ነው። ሊዮፖልድ በ1909 የደን ባለሙያ ሆኖ በደቡብ ምዕራብ አሜሪቃ ሥራ ጀመረ፤ በዚያ ዘመን ተኩላ ቢጠፋ አጋዘን ይበዛል ብለው ከሚያስተምሩት ወገን ነበር። በ1924 ወደ ዊስኮንሲን መጣ፤ በ1933 የግዛቱ ዩኒቨርሲቲ በዱር አራዊት አጠባበቅ ትምህርት ፕሮፌሰር አደረገው። በዚህ ጊዜ የሰሜኑ ጫካ መልኩ ተለውጦ ነበር። ጥዱ በተቈረጠበት ስፍራ ለአጋዘን የሚጥም ቍጥቋጦና ለጋ ዛፍ በቅሏል፤ እሳቱ ተገትቷል፤ ተኩላው ሊያልቅ ተቃርቧል፤ ሴቷም አትታደንም። አጋዘኑ በዛ። ነገር ግን በረዶው ሲጠልቅ እንስሳቱ ከነፋስ ለመሸሸግ ወደ ጥቂት የዝግባ ረግረጎች ይሰበሰባሉ፤ በዚያም አፋቸው የሚደርስበትን ቅጠል ሁሉ ይጨርሱታል። ትልልቆቹ በኋላ እግራቸው ቆመው ከፍ ካለው ቅርንጫፍ ሲበሉ ግልገሎቹ ከሥር በረኀብ ይሞታሉ። ችግሩ ይህ ነበር።

በ1942 ኮሚሲዮኑ በሊዮፖልድ ሰብሳቢነት የዜጎች የአጋዘን ኮሚቴ አቋቋመ። የኮሚቴው ሰዎች በበረዶው ወራት ወደነዚያ ረግረጎች ሄደው የተራቈተውን ዛፍና የሞተውን ግልገል አዩ። ሊዮፖልድ ሰውን በቃል ከመከራከር ይልቅ ወስዶ ማሳየትን ይመርጥ ነበር፤ በዚህም ረገድ አሠራሩ ከአስተማሪ ይልቅ የምስክር ጠሪ ዳኛ አሠራር ይመስላል። በ1943 ራሱ የኮሚሲዮኑ አባል ሆኖ ተሾመ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር አራት ቀን ወንዶች፣ አራት ቀን ደግሞ ቀንድ የሌላቸው እንዲታደኑ ተፈቀደ። ከ120,000 በላይ አጋዘን ተገደለ፤ ይህም ከቀዳሚው ዓመት ከእጥፍ በላይ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር በግዛቱ «የአርባ ሦስቱ ወንጀል» እየተባለ ይጠራል። በጫካው ውስጥ ተገድለው የተጣሉ ሴቶችና ግልገሎች ታዩ ተብሎ በየመንደሩ ተወራ። የኮሚሲዮኑን ውሳኔ፣ ይልቁንም ሊዮፖልድን ለመቃወም ብቻ አንድ ጋዜጣ ተቋቋመ። የጥበቃ ጉባኤውም ፊቱን አዞረ። ከ1944 እስከ 1948 ድረስ አደኑ ተመልሶ በወንዱ ብቻ ተወሰነ፤ ኮሚሲዮኑ ሥልጣን በእጁ እያለ ከሕዝቡ ድምፅ ፊት አፈገፈገ። ሊዮፖልድ እስከ ሞቱ ድረስ በኮሚሲዮኑ ተቀምጦ ይህን ሁሉ ታገሠ። በኤፕሪል 1948 በጎረቤቱ ማሳ የተነሣውን የሣር እሳት ሲያጠፋ ልቡ ቆሞ ሞተ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1949፣ ቀንድ የሌላቸው እንዲታደኑ ተፈቀደ፤ በ1950 ደግሞ ከ1919 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ማናቸውም አጋዘን እንዲታደን ተፈቅዶ ከ160,000 በላይ ተገደለ።

ይህን ታሪክ የጻፉ ብዙ ሰዎች ነገሩን የዕውቀትና የድንቍርና ጦርነት አድርገው ያቀርቡታል። እኔ በዚህ አልስማማም። በመጀመሪያ፣ የተቃወሙት ሰዎች ዓይን ነበራቸው፤ ግን ያዩት ሌላ ነገር ነው። የሰሜኑ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት አጋዘኑን የሚያየው በበጋ፣ ማታ ማታ መንገድ ዳር ወጥቶ ሲግጥ፣ እንግዶቹም መኪናቸውን አቁመው ሲደነቁ ነው። ከደቡብ ከተሞች የሚመጣው አዳኝ የሚያየው በኅዳር ለጥቂት ቀን ነው፤ በዚያ ጊዜ ደግሞ እንስሳው ስለሚሸሽ ጥቂት ይመስላል። በፌብሩዋሪ ሰው በማይገባበት ረግረግ ውስጥ የሚሆነውን ያዩት በጣት የሚቈጠሩ ናቸው። ሁለተኛ፣ እነዚህ ሰዎች በልጅነታቸው ሌባ ያሰኝ የነበረውን ሥራ አሁን ያው መንግሥት ልክ ነው ሲላቸው፣ የተጠየቁት አሳባቸውን ብቻ ሳይሆን አስተዳደጋቸውን እንዲለውጡ ነበር። በአምስት ዓመት ውስጥ በአኃዝ ብቻ ይህ ይሆናል ብሎ መጠበቁ የመንግሥቱ ስሕተት ነው እላለሁ።

ለዚህ አሳቤ የሚረዳኝ ማስረጃ ቀጥሎ የመጣው ሥርዓት ነው። በ1957 «የቡድን ፈቃድ» የሚባል ተጀመረ፤ አራት አዳኞች በኅብረት አንድ ተጨማሪ አጋዘን፣ ሴትም ብትሆን፣ ለመግደል ይችሉ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ግዛቱ በብዙ ክልሎች ተከፍሎ ለእያንዳንዱ ክልል ቁጥር ተወሰነለት። ሊቃውንቱ ይህን የሚያደንቁት ስለ ቁጥሩ ትክክለኛነት ነው። እኔ ግን የቡድኑ ነገር ይበልጥ ያስገርመኛል። ሴቷን መግደል የአንድ ሰው ነውር መሆኑ ቀርቶ በአራት ጎረቤቶች መካከል የሚከፈል ሥጋ ሆነ። ነውርን ለብቻ መሸከም ከባድ ነው፤ በማኅበር ሲሆን ግን ይቀላል። ሊዮፖልድ በክርክር ያላገኘውን ነገር ይህች ትንሽ ደንብ ቀስ በቀስ አስገኘች። የተገደለው አጋዘን ቁጥር እያደገ ሄዶ በ2000 በጠመንጃ ብቻ ከ500,000 በላይ ደረሰ።

ሸንጎው ስለ አጋዘን ብቻ የሚመክር አይደለም። በ2000 ዋኖስ የምትባለው የርግብ ወገን እንድትታደን አብዛኛው ድምፅ ፈቀደ። ወፏ በ1971 በግዛቱ ሕግ የሰላም ምልክት ተብላ ስለ ነበር ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ አደኑ በ2003 ከተጀመረ በኋላ በ2004 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አጸናው። በ2005 ደግሞ ባለቤት የሌላት ድመት ከጥበቃ ውጪ ትሁን የሚል ጥያቄ ቀርቦ 6,830 ሰዎች ደገፉት፣ 5,201 ሰዎች ተቃወሙት። ጉዳዩ በዓለም ጋዜጦች ሁሉ መሳቂያ ሆነ፤ አገረ ገዥውም እንደማይፈርሙበት ስለ አስታወቁ ከዚያ አላለፈም። ከዚህ የምንማረው፣ የሸንጎው ድምፅ ኀይል የሚያገኘው በአዳራሹ ያልነበሩት ሰዎች ዝም እስካሉ ድረስ መሆኑን ነው። በሌሎች ግዛቶች እነዚህ ያልተሰሙ ሰዎች በሌላ መንገድ ይመጣሉ፤ በ1992 የኮሎራዶ ሕዝብ በቀጥታ ድምፁ በጸደይ የሚደረገውን የድብ አደን ከልክሏል።

በ2002 መጀመሪያ በደቡብ ዊስኮንሲን በማውንት ሆረብ አካባቢ በተገደሉ አጋዘኖች ላይ የአንጎል በሽታ ተገኘ። መንግሥቱ በሽታው በታየበት ክልል ያለውን አጋዘን በሙሉ ለመጨረስ አቀደ። በሌላው ስፍራም አጋዘን በበዛበት፣ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በአንዳንድ ክልል የተሞከረውን ደንብ አስፋፋ፤ ይኸውም አዳኙ ወንዱን ከመግደሉ በፊት ቀንድ የሌላትን ገድሎ እንዲያስመዘግብ የሚያስገድድ ነው። የ1943ቱ ክርክር እንደገና ተነሣ፤ በዚህ ጊዜ ግን የመንግሥቱ አቆጣጠር ራሱ ተጠረጠረ። «እናንተ አለ የምትሉት አጋዘን የት ነው?» የሚል ጥያቄ በየሸንጎው ተሰማ። ምክር ቤቱ በ2011 ያን ደንብ በሕግ ሰረዘው። አገረ ገዥው ስኮት ዎከር ከቴክሳስ ያስመጧቸው ዶክተር ጄምስ ክሮል በ2012 ባቀረቡት መግለጫ መሠረት፣ በ2014 በየወረዳው የአጋዘን አማካሪ ምክር ቤት ተቋቋመ። ሰብሳቢዎቹ የጥበቃ ጉባኤው መልእክተኞች ሲሆኑ፣ ከአዳኞች ሌላ ገበሬውን፣ የደን ባለሙያውን፣ የቱሪዝምና የመንገድ ማመላለሻ ሰዎችን የሚወክሉ ይቀመጡበታል፤ የዱር አራዊት ዐዋቂው ምክር ይሰጣል እንጂ ድምፅ አይሰጥም። በመጀመሪያው ዓመት ብዙ የሰሜን ወረዳዎች ቀንድ የሌላትን ለመግደል አንድም ፈቃድ አልሰጡም። የ1915ቱ ሕግ በ99 ዓመቱ በሕዝብ ድምፅ ተመልሶ ወጣ ማለት ይቻላል።

የአማካሪ ምክር ቤቱ ወንበሮች መብዛታቸው መልካም ነው፤ ገበሬውና የደን ባለሙያው ከአዳኙ ጋራ አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጣቸው በኤፕሪሉ ሸንጎ ያልነበረ ነገር ነው። ቢሆንም በዚህ ታሪክ ውስጥ እስካሁን ስሙ ያልተነሣ ወገን አለ።

ከላይ ሰሜን የምለው አገር የኦጂብዌ ሕዝብ አገር ነው። ኦጂብዌዎች በ1837ና በ1842 በተደረጉት ውሎች መሬቱን ለአሜሪቃ መንግሥት ሲለቁ የማደንና ዓሣ የማጥመድ መብታቸውን አስቀርተው ነበር። ግዛቱ ግን የአደን ሕጉን እንደ ማንኛውም ሰው እያስፈጸመባቸው ከመቶ ዓመት በላይ ኖረ። በ1983 የፌዴራል ፍርድ ቤት መብታቸው እንዳልጠፋ ፈረደ። ከ1987 እስከ 1991 በጸደይ ዓሣ በጦር ለመውጋት ወደ ሐይቆቹ ሲወርዱ በየዳርቻው የተሰበሰበው ሰው ስድብና ድንጋይ ይወረውርባቸው ነበር። ያን ያደረጉት ሰዎች ሁሉ በኤፕሪሉ ሸንጎ የሚቀመጡ ናቸው አልልም። ነገር ግን «የሕዝብ ድምፅ» የሚለው ቃል ከ1934 እስከ 1983 ድረስ ማንን ሲያጠቃልል እንደ ኖረ እነዚያ ሌሊቶች በግልጥ አሳይተዋል። ዛሬ ኦጂብዌዎች በውሉ አገር የራሳቸውን ወራት ራሳቸው ይወስናሉ፤ በ1984 ለዚሁ ሥራ የየነገዱ የጋራ ኮሚሲዮን አቋቁመዋል።

በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት የኤፕሪሉ አዳራሽ ተዘግቶ ድምፁ በኮምፒዩተር ብቻ ተሰጠ። የተሳተፈው ሰው ከ60,000 በላይ ሆነ፤ በቀደሙት ዓመታት በአዳራሽ ከሚታየው ጋራ ሲነጻጸር ይህ እጅግ ብዙ ነው። እነዚያ ሽማግሌ የተናገሩት ቃል ግን በዚህ መንገድ የሚገባበት ስፍራ የለውም፤ ሣጥኑ የሚቀበለው «አዎን» እና «አይደለም» ብቻ ነውና።

በቀጣዩ ዓመት የተኩላው ነገር መጣ። ተኩላ በዊስኮንሲን እስከ 1957 ለገደለው ሰው ገንዘብ ይከፈልበት ስለ ነበር በ1960 ገደማ ጠፍቶ፣ በ1970ዎቹ ከሚኔሶታ በኩል ተመልሶ ገባ። የፌዴራሉ መንግሥት በጃንዋሪ 2021 ጥበቃውን ባነሣ ጊዜ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች አደኑን ሕዝቡንና ኦጂብዌዎችን አማክረው በኅዳር ለመጀመር አሰቡ። ከሌላ ግዛት የመጣ የአዳኞች ማኅበር ግን፣ በ2012 የወጣው ሕግ የተኩላ አደን ጥበቃው ሲነሣ የግድ እንዲከፈት እንደሚያዝ ጠቅሶ ከሰሰ፤ ዳኛውም ወራቱ በፌብሩዋሪ እንዲከፈት ፈረዱ። ሸንጎ ለመጥራት ጊዜ አልነበረም። 200 ተኩላ እንዲታደን ተወሰነ፤ ከዚህ ውስጥ 81 የኦጂብዌዎች፣ 119 የግዛቱ አዳኞች ድርሻ ነበር። ተኩላ ለኦጂብዌዎች እንደ ወንድም የሚቈጠር ስለ ሆነ ድርሻቸውን ወስደው ሳያድኑት ተዉት። የግዛቱ አዳኞች ከፌብሩዋሪ 22 ጀምሮ ሦስት ቀን ሳይሞላ 218 ገደሉ።

በዚያው ዓመት ኦገስት ቦርዱ ለኅዳር አደን የመሥሪያ ቤቱ ዐዋቂዎች 130 ይበቃል ያሉትን 300 አደረገው። በኦክቶበር ፍርድ ቤት አደኑን አገደ፤ በፌብሩዋሪ 2022 የፌዴራል ፍርድ ቤት ተኩላውን ወደ ጥበቃው መለሰው።